ሸክም የያዘ ብረት በቀለጠ እርሳስ ውስጥ

ዓመቱን ብትጠይቁኝ በትክክል አልነግራችሁም። ልደብቃችሁ ብዬ አይደለም፣ ጠፍቶኝ ነው። እስራኤል እንደ ገባን ካሰፈሩን የካራቫን ቤት ወጥተን ሐደራ፣ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር ከገባን በኋላ መሆኑን አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ስልክ በኪሱ ይዞ መዞር ሳይጀምር መሆኑንም አውቃለሁ። ወሩ ግን ይምታታብኛል። ዝናብ ነበረ እላለሁ፣ ደግሞ መሐንዲሱ በሸሚዙ እጅጌ ላቡን ሲጠርግ ይታየኛል። እሳት አጠገብ ለሚውል ሰው ክረምትና በጋው አንድ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት እግሬን ላፍታታ ብዬ በአውቶቡስ እስከ ወንዙ አፍ ወርጄ ነበር፤ የኃይል ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ካሉበት፣ ሞቅ ያለው ውሃ ወደ ባሕር ከሚገባበት። እዚያ ዓሣ አጥማጅ አይታጣም። አንድ ጠና ያለ ሰውዬ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ላይ የሰርዲን ቆርቆሮ ጥዶ እርሳስ ያቀልጣል፤ መንጠቆውን ወደ ታች የሚስብ ክብደት ሊሠራበት ነው። ቀና ብሎ አየኝና «ሳባ፣ አትጠጋ፣ ያቃጥልሃል» አለኝ፤ ሳባ ማለት አያት ነው። «አውቀዋለሁ» አልኩት። የቀለጠ እርሳስ ሽታው ብዙ አይደለም፤ ሳንቲም ምላስ ላይ እንዳስቀመጡት ያለ ነገር ነው። ፊቱ እንደ ብር ያበራና ወዲያው ግራጫ ቆዳ ይጋርደዋል። በጭልፋ ገፋ ሲያደርጉት ደግሞ ያበራል። ያንን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፣ እኔ እዚያው ነኝ።

መጀመሪያ የመጣን ሰሞን ሐደራ ለእኔ የባሕር ዛፍና የብርቱካን አበባ ሽታ ነበረች። ዛሬ ፎቅ የቆመበት ሁሉ ብርቱካን ነበር። ባሕር ዛፉ ሲሸተኝ ጎንደር ያለሁ ይመስለኝና ዞር እላለሁ፤ ዞር ስል ካራቫን ነው። ከልብስ ክምር መርጬ ያነሳሁት ባለ ጠጉር አንገትጌ ካፖርት ነበረኝ፤ የሴት መሆኑን የነገረኝ ሰው ስለሌለ ክረምቱን ሙሉ ለበስኩት። ሙቀቱን ግን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። በአውቶቡስ ጣቢያው ማዕዘን ካሴት የሚሸጥ አንድ የመናዊ ነበር፣ ከጎኑ በአንድ ሼቄል የወረቀት ቀንድ ሙሉ የሱፍ ፍሬ የሚሸጥ ወንድሙ። የየመናዊው ዘፈን ቃሉ ባይገባኝም ዜማው አንጀቴን ይበላዋል። እሱም እንባዬን ያይና ሳይናገር ድምፁን ከፍ ያደርግልኛል። ዛሬ ማዕዘኑ ላይ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣሉ። ዘፈኑን ሰው ሁሉ በጆሮው ሰክቶ ይዞት ይሄዳል፣ ለሚያልፍ ሰው የሚተርፍ የለም።

የማለቅሰው በትርንጎ ነበር። ትርንጎ ባለቤቴ ናት። ወደ እስራኤል የሚወስዱን አውሮፕላኖች የመጡ ጊዜ አዲስ አበባ አልነበረችም። እናቷ ታመው ልታመጣቸው ወደ ጎንደር ተመልሳ ነበር፤ «ሳምንት ሳይሞላኝ እመጣለሁ» ብላ ነው የሄደች። ጥሪው በድንገት ሆነ። ሰው ወደ ኤምባሲው ግቢ ጎረፈ፣ ግንባራችን ላይ ቁጥር ተለጠፈ፣ እኔ እንኳ «ልጠብቃት» ብል «ቀድመህ ሂድ፣ እሷ በሚቀጥለው ትመጣለች» አሉኝ። የሚቀጥለው አልመጣም። በኋላ ደግሞ በእናቷ ወገን ክርስትና የገቡ አያት አሉ፣ አይሁድነቷ ይጣራ ተባለና ጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ ይዞር ጀመር። ልጅ አልነበረንም። እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ መሐላችን ወረቀት።

ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔም ያን ጊዜ ብዙ አልሻላትም ነበር። ስለዚህ በካሴት ነበር የምንነጋገረው። ከጎንደር ሰው ሲመጣ ካሴት ይዞልኝ ይመጣል፣ እኔም ሞልቼ እልክላታለሁ። ድምፅዋ ከጀርባው ዶሮ፣ አህያ፣ የሰው ሳል ይዞ ነው የሚመጣ። «አንተ ፈንታ፣ እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፣ እማማም ያው ናቸው። አውራ ዶሮው የጎረቤት ሆኖ ቀረ እኮ! እነሱ ጋ ጥሬ በዛለትና እኔን ረሳኝ። አንተም እንደሱ ሆነህ ይሆን?» ትልና ትስቃለች። ሳቋን ወደ ኋላ እየመለስኩ ስሰማው ካሴቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳሳ፤ ድምፅዋ እየጎረነነ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሳቋ ሲደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቼ አልፈው ነበር፣ እንዳያልቅብኝ።

ሥራውን ያገኘልኝ አያ ተሰማ ነው። ከአገር ቤት ጀምሮ የማውቀው፣ ደጁ ከደጄ ፊት ለፊት የነበረ፣ ሽማግሌያችን። በኢንዱስትሪ ዞኑ፣ ከእብነ በረድ ቆራጮቹ ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ነበረች። ውስጧ አንድ ከሩሲያ የመጣ መሐንዲስ አለ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የሙሽራ የሚመስል ኮት ለብሶ ከሥር በካልሲ ሰንደል የሚጫማ። ሚስቱ ሞታበት ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር የመጣ ነው። የሁለታችንም ዕብራይስጥ አንካሳ ነበር፤ አንካሳና አንካሳ ተደጋግፎ ነው የተግባባነው።

«ስምህ?» አለኝ።

«ፈንታ።»

«ፋንታ? የሚጠጣው?»

«ኧረ አይደለም! ፈንታ።»

«በሰደር፣ እሺ፣ ፋንታ» አለና ጨረሰው። ከዚያ ወዲያ ለሱ የብርቱካን ለስላሳ ሆኜ ቀረሁ። «ምን ትችላለህ?» ሲለኝ «አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር» አልኩት። በአገራችን ይህን ለባዕድ መናገር ያስፈራ ነበር፤ ቀጥቃጭ ከሆንክ ዓይንህ ሰው ይበላል ይሉሃል። መሐንዲሱ ግን እጄን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። አባቴ በወናፉ ሥር ሆኖ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር እያልኩ ቆይቻለሁ።

ሥራው ምን መሰላችሁ? በሩቅ አገር ኃይል የሚያመነጩ ትልልቅ ምድጃዎች አሉ፤ እሳታቸው በውሃ አይመለስምና ሙቀቱን የሚያነሱለት በቀለጠ እርሳስ ነው አለኝ። «እሳት በእሳት ታቀዘቅዛላችሁ?» ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ። «እርሳሱ ለምድጃው ቀዝቃዛ ነው፣ ለአንተ ነው የሚያቃጥለው» አለኝ። ችግሩ ግን ቧንቧው ነው። ቧንቧው አረብ ብረት ነው፤ እርሳሱ ቀስ እያለ ይበላዋል። በምን ያህል ይበላዋል፣ የትኛውን ብረት ይምራል፣ የኛ ሥራ ያንን ማየት ነበር። ድስት በሚያህል ወፍራም ዕቃ እርሳስ ቀልጦ ይቆያል፤ ጣት የሚያካክሉ ዘንጎች ይነከሩበታል፤ ቀን እኔ እጠብቃለሁ፣ ሌላውን ጊዜ እሱ። እሳቱ ከወረደ እርሳሱ ይረጋል፣ ዘንጎቹን ጨብጦ ይይዛል፣ የወራት ድካም ይበላሻል። ስለዚህ ወርክሾፕዋ ያለ ሰው አታድርም፣ አትውልም።

መጀመሪያ የገረመኝን ልንገራችሁ። አንዱን ዘንግ ምንም ሳያስሸክም እርሳሱ ውስጥ አስቀመጠው። ቆይቶ ሲወጣ ግራጫ፣ ስስ ቆዳ ለብሷል እንጂ ደህና ነው። ሌላውን በዚያው ልክ አጋለው፣ ግን እርሳስ የለም፤ ከሥሩ ከባድ ብረት አንጠልጥሎ አስወጠረው። እሱም ትንሽ ሳብ አለ እንጂ ደህና ነው። ሦስተኛው እርሳሱ ውስጥ ገብቶ ያንኑ ክብደት ተሸከመ። እሱ ተበጠሰ። ስብራቱን በማጉያ መነጽር አሳየኝ። «ቆዳውን አየህ? ይህች ቆዳ ናት የምትጠብቀው። ሲወጠር ቆዳው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ እርሳስ ይገባል፤ የገባው ይበላል፤ ሲበላ ይሳሳል፤ ሲሳሳ ሸክሙ ይብስበታል።» «እርሳሱ ብቻውን ችሎት ነበር» አልኩት። «ችሎታል።» «ሸክሙንም ብቻውን ችሎ ነበር።» «ችሎታል፣ ፋንታ። ሁለቱን ነው ያልቻለ።» አባቴ ብረት በመዶሻ ብዛት ይጠነክራል ይል ነበር። አንድ ጊዜ ጠመም ብሎ የመጣ ዘንግ አግኝቼ፣ እንደ ማረሻ ቀዝቃዛውን ቀጥቅጬ አቃንቼ ሰጠሁት። ምንም ሳይሸከም ገባ፣ ሲወጣ የመታሁት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። እሱ መቆጣት ሲገባው ደስ አለው። «መዶሻህ ሸክም ሆኖ ውስጡ ቀርቷል» አለኝ፣ ዘንጉንም ለብቻው ጨርቅ ላይ አኖረው።

እንዲህ ስንኖር የትርንጎ ካሴት ዘገየ። «ፖስታው ነው» ይሉኛል፣ «መንገዱ ነው» ይሉኛል። አሁን የማውቀውን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ እናንተ ግን ከአሁኑ ዕወቁት። ትርንጎ ወባ ይዟት፣ እናቷን ስታስታምም ራሷ ሞታለች። ከጎንደር የመጣ ሰው ነግሯቸው ቤት ኤሊዔዘር ሁሉ ያውቃል፣ የማላውቅ እኔ ብቻ። ይህ ደግሞ ምን ደንብ ነው አትበሉኝ፣ ደንባችን ነው። መርዶ እንደ ዕቃ አይወረወርም። ዘመድ ከየከተማው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ማለዳ ሰው ቁርሱን ሳይቀምስ ነጠላ አዘቅዝቀው ይመጡና ያረዱታል። እስከዚያ ሁሉም አፉን ይቋጥራል። እኔም ለሌላ ሰው ቋጥሬ አውቃለሁ። ያን ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅልኛል፣ ወጥ ያመጣልኛል፣ ልጆቹ ሲያዩኝ ዝም ይላሉ። «ምነው ዛሬ ደግሞ ዶሮ?» ስላት የአያ ተሰማ ሚስት «ተርፎ ነው እንጂ» ብላ ፊቷን አዞረች። ዶሮ ወጥ ሲተርፍ ያየ ሰው ይንገረኝ።

አያ ተሰማን ያስጨነቀው እሳቱ ነበር። «ወሬው ከአፍ አምልጦ እዚያ ምድጃ ላይ ቢደርሰውስ? ቢወድቅበትስ?» ብሎ፣ ዕብራይስጥ የምታውቅ ሴት ልጁን ዝናሽን ይዞ በስውር መሐንዲሱ ዘንድ ሄደ። ከእሳቱ እንዲያርቀኝ፣ ደግሞ አንዲት ቃል እንዳይናገር አስማሉት። ሩሱም ማለ። ደንባችንን ከየት ያውቃል? አንድ ሰው ስለ ገዛ ሚስቱ ሳያውቅ ሌላው ሁሉ አውቆ ይስቃል ብሎ ማን ነግሮት?

በማግስቱ ስገባ ጉጠቱን ከእጄ ወሰደ። «ዛሬ ግቢውን ጥረግ» አለኝ። ግቢው ባሕር ዛፍ ያራገፈበት ነው፤ ጠረግሁ። ሲመሽ ተመልሶ ይረግፋል፣ በማግስቱ ደግሞ ጠረግሁ። ሻይ በስኳር ያመጣልኛል፣ ብርጭቆውን ሲሰጠኝ ዓይኔን አያይም። ሊያባርረኝ ነው አልኩ። ያን ጊዜ በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ነበር፤ ሥራ ያለው ሰው ሚስቱ ቶሎ ትመጣለታለች፣ ሥራ የሌለው ጉዳዩ ከሥር ይቀመጣል ብለውኝ አምኛለሁ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ለእኔ ግን ያች ወርክሾፕ የትርንጎ መንገድ ነበረች።

ቀትር ላይ መጥረጊያውን አስቀምጬ ገባሁ። ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የሙቀት መለኪያውን መርፌ ያያል።

«ምን አጠፋሁ?» አልኩት።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ከእሳቱ አወጣኸኝ? መዶሻው ነው? ከእንግዲህ ሳልጠይቅህ መዶሻ አልነካም።»

«ፋንታ፣ ውጣ። ሻይ አመጣለሁ።»

«ሻይ አልፈልግም! ስማኝ። ለዘለዓለም አይደለም። ሚስቴ እስክትመጣ ነው። ስትመጣ አስወጣኝ፣ አንዲት ቃል አልናገርህም። እስክትመጣ ብቻ።»

ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና ያ ረጅም ሰው ከወገቡ እጥፍ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። እኔ ቆሜ አየዋለሁ። ሰው እንዲህ የሚያለቅስ በአንድ ነገር ነው። በምን ቋንቋ እንደነገረኝ ዛሬም አላውቅም፤ «አትመጣም» አለ፣ እሱ ብቻ ነው። ምድጃውን በትከሻው ከልሎ ያዘኝ። አያ ተሰማ የፈራው ልክ ነበር፣ ወደዚያ ነበር የወደቅሁት።

በእግር ወሰደኝ፣ ከኢንዱስትሪ ዞኑ እስከ ቤት ኤሊዔዘር፣ የምሳ ሳህኔን በብብቱ ይዞ። ደረጃው ላይ አያ ተሰማ ሲያየን ገባው።

«በቀትር? በሩስ አፍ?» ብሎ ጮኸ። «ዘመዱ ሳይሰበሰብ! አንተ ሰውዬ፣ ምለህልኝ አልነበረም?»

ዝናሽ ለመተርጎም አፏን ከፈተችና መልሳ በነጠላዋ ሸፈነችው። መሐንዲሱ ሳህኔን እንዳቀፈ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ይሄኔ የቤተ እስራኤል ቄሳችን ከላይኛው ፎቅ ወረዱ። አዩት፤ ዓይኑ ደም መስሏል። «ተወው፣ ተሰማ» አሉ። «አልቅሶ ነው የነገረው። አንተ ከዚህ የተሻለ መርዶ ነጋሪ ከየት ልታመጣ ኖሯል?» አያ ተሰማም ቆይቶ፣ ፊቱ እንደተቋጠረ፣ ፍራሽ ሲነጠፍ ለሩሱም አንድ ጫፍ አሳየው።

ሰባቱን ቀን ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ሙሾ አወጡላት፣ የማያውቋት ሳይቀሩ። ሩሱ በየቀኑ ይመጣል። ኮቱን ለብሶ፣ ሰንደሉን በር ላይ አውልቆ፣ በካልሲው ገብቶ መሬት ይቀመጣል፤ ጉልበቱ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ እንጨት ይንቋቋል። ሙሾው ሲነሳ ያለቅሳል፣ ሲቆም ያቆማል። በመሐል አንድ ቀን ልቤ መለስ ሲልልኝ «እሳቱ ጋ ማን አለ?» አልኩት። «ማንም» አለኝ። ልጁን አስቀምጦ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሰባቱ ሲያልቅ ሥራ ገባሁ። ወርክሾፕዋ ቀዝቅዛለች። እንደዚያ ዝም ብላ አይቻት አላውቅም። እርሳሱ ረግቶ ድንጋይ ሆኗል። ዘንጎቹ አንገታቸውን ብቻ አውጥተው ታስረው ቀርተዋል። ከእኔ መምጣት በፊት ጀምሮ የተጠበቀው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ፊቱን በመዳፌ ነካሁት፤ በረዶ ነው። «ለምን?» አልኩት። «አንተ ዘንድ ሆኜ እሳት ዘንድ ልሆን አልችልማ» አለኝ። «ብረቱስ?» ስለው እጁን አወናጨፈና «ብረት ሌላ አለኝ» አለ። ጉጠቱን መልሶ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከባዱን ዕቃ እሱ ነው የሚያነሳው፤ ልቀበለው ስል «አንተ እርሳስ ውስጥ ነህ፣ ሸክሙን ለእኔ ተው» ይለኛል፣ እንደ ቀልድ።

ካሴቶቹን ቀስ ብዬ ነው የሰማኋቸው፣ እሱ ባለበት። አንድ ቃል ሳይገባው ዶሮው ሲጮህ ፈገግ ይላል። ወርክሾፕዋ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተዘጋች። ዛሬ ጎማ ይሸጡባታል። እሱ ወደ ደቡብ፣ ልጁ ዘንድ ሄደ። ሰዎች «አግባ» አሉኝ፣ ሽማግሌም ላኩልኝ፣ አልሆነልኝም። አያ ተሰማም አረፈ፣ ቄሱም አረፉ። ደረጃው ላይ አሁን የሚያልፉት ልጆች «ሻሎም ሳባ» ብለውኝ ይሮጣሉ፤ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ግን የማን ልጅ እንደሆኑ አላውቅም። መሐንዲሱ በየዓመቱ በፋሲካ ዋዜማ ይደውልልኝ ነበር።

«ፋንታ፣ በሕይወት አለህ?»

«አለሁ። አንተስ?»

«ድምፄ አለ።»

ከዚያ የምንለው አይኖረንም። ዕብራይስጣችን በእርጅናም አልተፈወሰም። ስልኩን ግን አንዘጋውም፤ እሱ ሲያስል እሰማለሁ፣ የኔን ራዲዮ እሱ ይሰማል።

ባለፈው ፋሲካ አልደወለም። እኔ ደወልኩ። ልጁ አነሳች፤ «ማን ልበል?» አለችኝ። «ፋንታ ነኝ» አልኳት። «አባቴ እኮ ከክረምቱ በፊት አረፈ» አለች። «ቁጥርህ የት እንዳለ አላወቅሁም፣ ስሊሓ፣ ስሊሓ» እያለች ይቅርታ ጠየቀችኝ። ምን ጥፋት አለባት? እኔን ማርዳት እንደሚገባ ማን ያውቃል? ከመላው አገሩ ሰው ማለዳ ነጠላውን አዘቅዝቆ እኔ በር ላይ የሚቆም አልነበረም።

ፍራሹን ራሴ አወረድኩ። ነጠላዬን ራሴ አዘቅዝቄ ለበስኩ። በሩን እንደ ደንቡ ክፍት ተውኩት። የሚመጣ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ለማን ነግሬ? ደረጃው ላይ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አሳንሰሩ ይጮኻል። ከሰዓት በኋላ የአያ ተሰማ ልጅ ዝናሽ፣ አሁን ራሷ አያት ሆናለች፣ የገበያ ከረጢት በሁለት እጇ ይዛ ስታልፍ ቆመች።

«አያ ፈንታ! ማ ካራ፣ ምን ተፈጠረ? በሩ ለምን ተከፈተ? ምን ሆኑ?» አለችና ነጠላዬን አየች። ከረጢቶቹ ከእጇ ወረዱ። «ኧረ በሞቴ! ማን ሞተብዎ? ለምን አላረዱንም?»

«ለእኔም ዛሬ ነው የደረሰኝ።»

ጫማዋን አውልቃ መጣችና ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ከጎንደር ነው?»

«አይደለም።»

«ዘመድ ነው ግን?»

«ዘመድ ነው።»

«ነፍስ ይማር። እንዳለቅስለት ስሙን ይንገሩኝ እንጂ፣ አያ ፈንታ።»

ይህን ሁሉ ዘመን ለሰው ሳወራ መሐንዲሱ፣ ሩሱ እላለሁ እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም።

«ሴምዮን» አልኳት። «ሴምዮን ይባላል።»